እድራችን ለሞተ ይከፍላል፤ ለታመመስ?

የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ስለ ሞት የማያውቀው ነገር የለም። ድንኳኑ መቼ እንደሚተከል፣ ስንት አግዳሚ ወንበር እንደሚወጣ፣ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ በእጅ የሚሰጠው ብር ስንት እንደሆነ፣ ቀብር የቀረ አባል ምን ያህል እንደሚቀጣ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ስለ በሽታ ያለው ግን አንድ መስመር ነው። «አባል በታመመ ጊዜ በኮሚቴው ይጠየቃል» ይላል። በተግባር ሦስት ሰው ብርቱካን በፌስታል ይዞ ይሄዳል። ለኩላሊት ሕመምተኛ ደግሞ ብርቱካን አይሆንም። ፖታሲየም አለው፤ የታመመ ኩላሊት ደግሞ ፖታሲየምን ማስወጣት ያቅተዋል።

ይህን የምጽፈው እድርን ለመንቀፍ አይደለም። የእድሩ ሒሳብ ያዥ እኔው ነኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ሥራዬም ፋይናንስ ነው። በሥራ ቀን የመሥሪያ ቤት ሰነድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የእድር መዝገብ አገላብጣለሁ። ስለ ኩላሊት ያወቅኩት በወንድሜ ምክንያት ነው። ሕክምናውን ሐኪም ይጻፈው። እኔ የምጽፈው ስለ ብሩ ነው።

ታናሽ ወንድሜ የሸዋሮቢት ሰው ሆኗል። እዚያው አግብቶ ቀረ። አይሱዙ ይነዳ ነበር። ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ ከቆላው ይነሳል፤ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ፣ በእኛ በኩል አዲስ አበባ ይገባል። ሲያልፍ ቤቴ ጎራ ብሎ ቡና ይጠጣል። ሁልጊዜ ራሱን ያመዋል። እኛም ምክንያት አናጣም፤ ሙቀቱ ነው፣ ዳገቱ ነው፣ እንቅልፍ ማጣቱ ነው። እርሱ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ገዝቶ ይውጥና መንገዱን ይቀጥላል። በዚያ ሁሉ ዓመት ደም ግፊቱን የለካው ሰው አልነበረም። መኪናው በየዓመቱ ይመረመራል፤ ካልተመረመረ ቦሎ አያገኝም። ነጂውን ግን ማንም አይጠይቀውም።

እግሩ ሲያብጥና የምግብ ሽታ ሲያስመልሰው ሆስፒታል ሄደ። ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ የክሬቲኒን ውጤቱ፣ ሲመጣ ሐኪሙ ድጋሚ አሠራው፤ ስህተት መስሎት። ስህተት አልነበረም። «አዲስ አበባ ሂዱ፤ ዛሬውኑ» ብሎ ሪፈር ጻፈልን።

ኩላሊት አብዛኛው አቅሙ እስኪሟጠጥ ድረስ ድምፁን አያሰማም። ደም ግፊትና ስኳር ዝም ብለው ለዓመታት ይጎዱታል። ያለሐኪም ትእዛዝ የሚዋጠው የሕመም ማስታገሻም የራሱን ይጨምራል። ሰው ታመምኩ የሚለው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

የታዘዘለት የኩላሊት እጥበት ነው፤ ደሙን በማሽን ማጣራት። እናቴ እጥበት አንዴ ተደርጎ የሚያበቃ መስሏት ነበር። በየቀኑ እየደወለች «ጨረሰ አይደል? መቼ ትመጣላችሁ?» ትለኛለች። በደንቡ ከሆነ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ዕድሜ ልክ፣ ወይም ሌላ ኩላሊት እስኪገኝ። እጥበቱ ቦታ ያገኘኋቸው አብዛኞቹ ሰዎች ግን በሳምንት ሁለቴ ነበር የሚያደርጉት። ሐኪም ስላዘዘ አይደለም። ብር ስለሌለ ነው።

ክንዱ ላይ ደም ቅዳውንና ደም መልሱን አገናኝተው የማሽኑ መርፌ የሚገባበት ፊስቱላ ሠሩለት። እጅ ሲያርፍበት ቆዳው ሥር የሚሮጠው ደም እንደ ስልክ ይነዝራል። ልጄ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጠው ነበር። «አጎቴ፣ እጅህ ያወራል» ትለዋለች። እርሱ ግን ማታ ማታ በሥጋት ነው የሚዳስሰው። ንዝረቱ ከጠፋ ቧንቧው ተደፍኗል ማለት ነው። ሌላ ቀዶ ጥገና፣ ሌላ ብር።

ማሽኑ ደግሞ ለአንድ ሰው አንድ እጥበት ወደ 120 ሊትር የተጣራ ውኃ ይፈልጋል። ውኃ በፈረቃ የሚቀዳ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው እናንተው ገምቱ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ነርሷ የማሽኑን እጀታ በእጇ ታሽከረክራለች፤ ደሙ ቱቦው ውስጥ እንዳይረጋ። አንድ ቀን በዓይኔ አየሁ። እያሽከረከረች ስለ ልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ታማርረን ነበር። እኔ ነኝ የተንቀጠቀጥኩት።

የሚጠጣው ውኃ ተለክቶ ነው። ሽንት የማይወጣለት ሰው የጠጣው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሳንባው ላይ ከወጣ ያፍነዋል። በዚህ ቤተሰቡ ተጣላ። እናቴ ጻድቃኔ ማርያም ካልሄደ ብላ ቆመች። ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ሐኪም ቤት ተሂዶ ጸበል ካልተሄደ ሕክምናው ጎዶሎ ነው። ጸበል ደግሞ በጆግ ነው የሚጠጣው። የገላገሉን የንስሐ አባታችን ናቸው። «ይጠመቅ። ለመጠጡ ግን አንድ ጉንጭ ይበቃዋል፤ እመቤታችን በሊትር አትለካም» አሉ። በአንድ ጉንጭ ታረቅን። ሐኪሙ ሲነገረው ሳቀና «ጥሩ ቄስ አላችሁ» አለ።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ።

ደብተር ያዝኩ። ልማድ ነው። በገቢው በኩል መጀመሪያ የተጻፈው አይሱዙው ነው። ተሸጠ። ቀጥሎ የሚስቱ ወርቅ። ቀጥሎ የእኔ ቁጠባ። ቀጥሎ የእቁብ ዕጣ፤ ዕጣው የወጣው ለሌላ ሰው ነበር፣ ለእኛ ለቀቁልን። ከዚያ የሾፌር ጓደኞቹ መዋጮ፣ የጽዋ ማኅበር፣ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ በኢንተርኔት የከፈተችው መዋጮ፣ ጎፈንድሚ የሚሉት። መጨረሻ ላይ ፌስቡክ፤ ፎቶውና የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ። በወጪው በኩል ደግሞ እጥበቱ ብቻ አልነበረም። ኮተቤ የተከራየናት አንድ ክፍል አለች። የደም ማነስ መርፌው አለ። ታክሲው አለ። ለማስታመም ሥራውን ጥሎ የመጣ ሰው አለ፤ የእርሱን ኪሳራ ማንም አይመዘግብም።

ያንን ደብተር ሳገላብጥ አንድ ነገር ገባኝ። ከሰው የሚገባው ገንዘብ የሚከተለው ሕመሙን አይደለም፤ የሚከተለው ፎቶውን ነው። ወንድሜ ወጣት ነው፤ መልከ መልካም ነው፤ ትንንሽ ልጆች አሉት። አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ ከመርሐ ቤቴ የመጡ አንድ አባት ይታጠቡ ነበር። ፌስቡክ የላቸውም። አሜሪካ ዘመድ የላቸውም። መጀመሪያ በሳምንት ሁለቴ ይመጡ ነበር። ከዚያ አንዴ። ከዚያ ቀሩ። ማንም ተሰብስቦ «እርስዎ ይቅሩ» አላላቸውም።

በሌላ አገር ግን ተሰብስበው የሚወስኑበት ጊዜ ነበር። አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ። ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር እ.ኤ.አ. በ1960 ሰውን ደጋግሞ ማጠብ የሚያስችል ቱቦ ሠራ። ማሽኑ ጥቂት፣ ሕመምተኛው ብዙ ሆነ። ስለዚህ ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ቄስ አለበት፣ ጠበቃ አለበት፣ የባንክ ሰው አለበት፣ የቤት እመቤት አለችበት። ማን እንደሚታጠብና ማን እንደሚቀር የሚመርጡት እነሱ ነበሩ። ስንት ልጅ አለው? ሥራው ምንድን ነው? ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል? ላይፍ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1962 ሲያወጣው ብዙ ሰው ደነገጠ። እኔ ሳነበው የደነገጥኩት በሌላ ነገር ነው። የእኛም የእድር ኮሚቴ እንደዚያው ሰባት ሰው ነው። የእርዳታ ጥያቄ ሲመጣልን የምንጠይቀውም ያንኑ ነው። «ጠባዩ እንዴት ነው? ቀብር ይወጣል? ስንት ልጅ አለው?»

አሜሪካኖቹ ከዚያ የወጡት በደግነት አይደለም፤ በሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሼፕ ግሌዘር የሚባል የኒውዮርክ ሕመምተኛ የምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ማሽኑን አስገብቶ እዚያው ሲታጠብ ታየ። በዓመቱ ሕጉ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ኩላሊቱ የከሸፈበት አብዛኛው ሰው፣ ሽማግሌም ይሁን ወጣት፣ ሜዲኬር በሚባለው የመንግሥት መድን ይታከማል።

«እነሱ ሀብታም ናቸዋ» ትሉኝ ይሆናል። እሺ። ሱዳን ከዚህ ጦርነት በፊት በመንግሥት ማዕከላት እጥበት ያለክፍያ ትሰጥ ነበር። ኬንያ በብሔራዊ የሆስፒታል መድኗ በሳምንት ሁለት እጥበት ትከፍል ነበር። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 እጥበትን ለሁሉም ዜጋ በሚደርሰው መድኗ ውስጥ አስገባች፤ ያውም በሆድ ዕቃ በኩል ቤት ውስጥ የሚደረገውን ዓይነት አስቀድማ። ያኛው ማሽን አይፈልግም። በሆድ ላይ በተተከለች ቀጭን ቱቦ ፈሳሹን በቀን ጥቂት ጊዜ አስገብቶ ማውጣት ነው። ንጹሕ እጅና የማይቋረጥ የፈሳሽ አቅርቦት ይፈልጋል። እኛ አገር ብዙም የተለመደ አይደለም። ከመንዝ ወይም ከመርሐ ቤቴ ለሚነሳ ሰው ግን በሳምንት ሦስቴ ማሽን ጋ ከመመላለስ አይሻልም ወይ? እኔ ባይሻል ነው የሚገርመኝ።

የእኛስ መድን? ወንድሜ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ነበር። ሚስቱ በየዓመቱ መዋጮውን ትከፍል ነበር፤ ደብተሩም የታደሰ ነው። ልጆቹ ሲታመሙ ጤና ጣቢያ በእርሱ ታክመዋል፤ ይህን አልክድም። ለእጥበቱ ደብተሩን ስናወጣ ግን በመስኮቱ በኩል ያለችው ልጅ እንኳ አልነካችውም። «ይሄ በመድን አይሸፈንም፣ እትዬ» አለችኝ። ትሑት ልጅ ናት፤ ጥፋቱም የእርሷ አይደለም። በኋላ ወረቀቱን ፈልጌ አነበብኩ። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማህበራዊ ጤና መድን በ2002 ዓ.ም. ታወጀ፤ የ2005ቱ ደንብ ቁጥር 271 የማይሸፈኑትን ዘረዘረ። የአካል ንቅለ ተከላ እዚያ አለ። ከአጣዳፊ የኩላሊት መክሸፍ በቀር ያለው ዲያሊሲስም፣ ማለትም እጥበቱ፣ አለ። የገበሬውና የነጋዴው መድንም በዚያው መንፈስ ነው የሚሠራው። ጉንፋን ከያዘህ አለሁልህ፤ ኩላሊትህ ካቆመ ራስህን ቻል።

እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ይገባኛል። እስቲ አስሉት። በሳምንት ሁለት እጥበት በዓመት 104 ነው። አንዱን በሁለት ሺህ ብር ብንይዘው (ዛሬ በግል ማዕከል በዚህ ማግኘት ዘበት ነው) 208,000 ብር ይመጣል። በሳምንት ሦስት ከሆነ 312,000 ብር። በመንግሥት ሆስፒታል ዋጋው ይቀንሳል፤ ወረፋው ግን አይቀመስም። የማህበረሰብ አቀፉ መድን ሲቋቋም የተዋቀረው በወረዳ ነው። ጥቂት የኩላሊት ሕመምተኞች የአንድን ወረዳ ካዝና ይጠርጉታል። ከዚያ ለወላድና ለሕፃን የሚተርፍ የለም።

ይህ ግን የሚያሳየው ጆንያው ጠባብ መሆኑን ነው እንጂ ነገሩ የማይቻል መሆኑን አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ወረዳው አንድ ሰው ነው። ለእጥበትና ለንቅለ ተከላ በአገር ደረጃ አንድ ቋት ያስፈልጋል፤ ከወረዳዎቹ ካዝና የተለየ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለኝ ሰው መልሴ ከወንድሜ ደብተር ነው። አሁንም እየከፈልን ነው። ፌስቡክ ላይ፣ መናኸሪያ ላይ፣ ድምፅ ማጉያ በተጫነባት መኪና ዙሪያ፣ በቴሌብር። ይህ ገንዘብ ከሕዝብ ኪስ ወጥቷል። የጎደለው ወጥ የሆነ መንገድ ነው፤ ለመርሐ ቤቴው አባትም የሚደርስ።

ማሽን በየከተማው መትከልም ብቻውን አይበቃም። የአክስቴ ባል መሀል ሜዳ ይኖሩ ነበር። እጥበት ጀምረው ነበር። የመጓጓዣው ብር እንደምንም ተገኘ። ከዚያ ባለፉት ዓመታት እንደምታውቁት መንገዱ ይዘጋ ጀመር። ለሽንኩርት ነጋዴ መንገድ ሲዘጋ ሽንኩርቱ ይበሰብሳል። በሳምንት ሁለቴ መድረስ ላለበት ሰው ግን ሌላ ነው። እንደገና ሳይደርሱ ቀሩ። እድራቸው ድንኳኑን በዚያው ዕለት ተከለ፤ አንድም ነገር አልጎደለም።

ወንድሜ ግን ዕድለኛ ነው። በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ቦስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1954 በመንትያ ወንድማማቾች መካከል ተሠራ። እኛ አገር የደረሰው በ2008 ዓ.ም. መባቻ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ሕንድ ይሄድ ነበር፤ አቅም የሌለው ይቀር ነበር። የእኛም ተራ ጳውሎስ ደረሰ። ኩላሊቱ የሚመጣው ከቤተሰብ ነው።

እናቴ «አንዱን ላድን ብዬ ሁለቱን ልጣ?» አለች። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጤነኛ ሰው በአንድ ኩላሊት እንደሚኖር ለማስረዳት ብዙ ለፋን፤ ያሳመናት ግን ሐኪሙ አይደለም። ሰፈራችን ውስጥ ሲወለዱ ጀምሮ አንድ ኩላሊት ብቻ ያላቸው፣ ለሌላ ነገር አልትራሳውንድ ተነስተው በስተርጅና ያወቁ አንድ አዛውንት አሉ። «እኔ ሰባት ልጅ አሳድጌበታለሁ» አሏት። አለቀ።

መጀመሪያ የተመረመርኩት እኔ ነኝ። የደም ዓይነታችን ይስማማል። ግን መለሱኝ፤ ደም ግፊቴ ከፍ ያለ ሆነ። ጤነኛ ነኝ ብዬ ነበር የሄድኩት። አንዳችን ኩላሊቱን ካጣ በኋላ፣ ሌላችን ኩላሊት ልትሰጥ ሄዳ፣ የአንድ እናት ልጆች የግፊት ሕመም እንዳለብን በዚህ መልኩ አወቅን። አሁን በየጠዋቱ አንዲት የግፊት ክኒን፣ አምሎዲፒን፣ እውጣለሁ። ርካሽ ናት። እርሱ በጊዜው አግኝቷት ቢሆን አይሱዙው እስካሁን ጣርማ በርን ይወጣ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቤቱ ይገባሉ። ለክትባት፣ ለመጸዳጃ ቤት፣ ለእርግዝና። በቦርሳቸው ግፊት መለኪያና የሽንት መመርመሪያ ወረቀት አዘውትሮ ቢገኝ፣ በሁለት መቶ ሺዎች የሚቆጠረው ብር ገና ሳይጠየቅ ይቀራል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

የሰጠችው ታናሽ እህታችን ናት። ብቻዋን አስገብተው ጠየቋት፤ ማንም አስገድዷት እንዳይሆን፣ ብርም እንዳይኖርበት። ኩላሊት መሸጥ ወንጀል ነው፤ ይህ መሆኑ ደግ ነው። የቆጨኝ ሌላ ነው። እህቴ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ማረፍ አለባት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ ያርፋል። አሠሪዋ ግን «አንቺ እኮ አልታመምሽም፤ በፈቃድሽ ነው የሄድሽው» አላት። የዓመት ፈቃዷ አለቀ፤ የቀረውን ያለደመወዝ አረፈች። ለአገሪቱ የዓመታት የእጥበት ወጪ ያዳነችላትን ልጅ በደመወዟ ቀጣናት። ለጋሽን ለሚመለከት የሚከፈልበት ፈቃድ አንዲት አንቀጽ ብትጻፍ መንግሥትን ምን ያህል ታስወጣዋለች? ለጋሽ እኮ በብዛት አይመጣም።

ወንድሜ ዛሬ የመለዋወጫ ሱቅ አለው። ሽንቱን ይሸናል፤ ይህን በኩራት ነው የሚያወራው፣ ምሳ ላይም ቢሆን። ግን አልጨረሰም። ሰውነቱ የእህቱን ኩላሊት እንዳይገፋው በየቀኑ መድኃኒት ይውጣል፤ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ዕድሜ ልኩን። ሁለት ቀን መዝለል ቀልድ አይደለም። ታክሮሊመስ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከሃምሳ ምናምን ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ የመድኃኒቱ ዋጋም ተከትሎ ሄደ። አንዳንዴ በዋጋውም አይገኝም። ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት እየተደወለ ይታደናል። ንቅለ ተከላ ተሠርቶለት በመድኃኒት እጦት ኩላሊቱን ማጣት ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ነው። ብሩም ይጠፋል፤ ኩላሊቱም ይጠፋል፤ ሰጪዋም በከንቱ አንድ ኩላሊቷን ሰጠች። ቋቱ ከተቋቋመ መጀመሪያ መክፈል ያለበት ለዚህ መድኃኒት ይመስለኛል፤ ከእጥበቱም በፊት።

ከሞተ ሰው ስለሚገኘው ልገሳም ይጠይቁኛል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ስለ አካል ልገሳ የሚደነግግ ክፍል አለው፤ ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን ከሟች የሚወሰድ ኩላሊት በአብዛኛው አንጎሉ ከሞተ፣ ልቡ ግን በመሣሪያ እርዳታ ገና ከሚመታ ሰው ነው። ይህ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ባለሙያና ፈጣን ላቦራቶሪ ይፈልጋል። በእኛ ዘንድ ገና ሩቅ ነው። ዓይን ግን ቅርብ ነው። የዓይን ባንክ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ብሌኑ ከሞት በኋላ በሰዓታት ውስጥ መወሰድ አለበት። ሰው ሲሞት ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ማን ነው? የእድር ጥሩምባ ነፊ ነው። ቃል የገቡ አባላትን ስም እድር ቢይዝ ከማንም በፊት ስልኩን የሚመታ እርሱ ነው። ይህን በስብሰባ ሳነሳ አንድ አባት «ለትንሣኤ ያለ ዓይን ልነሳ?» አሉ። ንስሐ አባታችን እዚያው ነበሩ። «አፈር የበላውን የሚያስነሳ አምላክ ብሌን ያቅተዋል?» ብለው መለሱላቸው። ሰው ሳቀ። ስም የጻፈ ግን ጥቂት ነው።

በዚያው ስብሰባ ሦስት ሐሳብ አቅርቤ ነበር። አንደኛው፣ እድሩ ግፊት መለኪያ ገዝቶ ወርኃዊ መዋጮ በሚሰበሰብበት ቅዳሜ አባላትን ይለካ። አለፈ፤ ተገዝቷል። ሰው መዋጮ ሊከፍል መጥቶ ክንዱን ይዘረጋል። ሁለተኛው፣ አቅም ያነሳቸውን አባላት የጤና መድን መዋጮ እድሩ ይክፈል። በክርክር አለፈ። ሦስተኛው ነው የወደቀው፤ የእድሩ አባል ለቤተሰቡ አካል ከለገሰ ባረፈበት ጊዜ የቀረበትን ደመወዝ እድሩ ይካስ የሚለው። የእድሩ ዳኛ ጋሼ ተነስተው «ልጄ፣ እድር የተመሠረተው ለቀብር ነው። ሞት አንዴ ነው። በሽታ ማለቂያ የለውም። የማያልቅ ነገር ደንብ ውስጥ ካስገባን ድንኳኑንም ሸጠን እንቀራለን» አሉ። እውነት አላቸው። ጤና መድኑን የጻፉትም ሰዎች ይህንኑ ነው ያሉት። እኔም መልስ ሰጠሁ፤ ልገሳ ማለቂያ አለው፣ አንድ ሰው የሚሰጠው አንድ ኩላሊት ነው፣ ሁለተኛ አይመጣም፤ ጣሪያ እናበጅለት አልኩ። ጋሼም «ጣሪያውን በቁጥር ጽፈሽ ነይ» አሉኝ።

ቁጥሩን እየሠራሁ ነው። ስብሰባው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። እድራችሁ፣ ማኅበራችሁ ወይም የሠራተኛ መረዳጃችሁ ለታመመ ወይም ለለገሰ አባል የሚከፍልበት አንቀጽ ካለው ቃሉንና የብር ጣሪያውን ጻፉልኝ። ደብረ ሲናም ይሁን አረርቲ ወይም አዲስ አበባ፣ ከየትም ይሁን። ለጋሼ የማሳያቸው በተግባር የተሞከረ ነገር እፈልጋለሁ።